የቤል ሮሽ አሸዋ

ሴንት ጆርጅስ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2016

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ ለታንቲ ዩፌሚያ፣

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ለገና እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። «ሰው ሞቶብሽ ነው ወይስ ወንድ አግኝተሽ?» ብለው የጻፉልኝን ለቢሮ ጓደኞቼ አንብቤላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሁለቱም አይደለም፤ ሥራ ነው። ልደውልልዎት አስቤ ነበር፤ ግን ያ ጆሮዎ ለስልክ እንደማይሆን ስለማውቅ ይኸው ወረቀቴን በጀልባው ልኬአለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የቀባሁልዎት ዘይት አልቆ እንደሆነ ይጻፉልኝ።

አዲሱ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቀውኛል። አይሳቁብኝና፣ አገር መመዘን ነው። ግሬናዳ በዓመት ከመሬቷና ከባሕሯ ምን ያህል ነገር እንደምታወጣ፣ ከውጭ ምን ያህል እንደምታስገባ፣ ምን ያህሉን እንደምትጠቀም ሁሉም በክብደት ተለክቶ በአንድ ሰንጠረዥ ይቀመጣል። ዓሣው፣ በቆሎው፣ ማገዶው፣ ከኮረብታው የሚፈለጠው ድንጋይ፤ ፍየል የሚግጠው ሣር ሳይቀር ይገመታል። እስከ ዛሬ የምንቆጥረው ገንዘብ ብቻ ነበር። አገር ግን ገንዘቧ እየጨመረ መሬቷ ሊያልቅባት ይችላል፤ ይህንን ቀድሞ ለማወቅ ነው የምንመዝነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሥራውን ወድጄዋለሁ።

ያስቸገረኝ አሸዋ ነው። አሸዋን የሚመዝን የለም፤ ሰው አካፋውን ይዞ ባሕር ዳር ይወርዳል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ስለዚህ የምናየው ሲሚንቶውን ነው። ይህን ያህል ሲሚንቶ ከገባ ይህን ያህል አሸዋ ተቀላቅሎበታል ብለን እናሰላለን። ለእኛ ለትንሿ ደሴት ለካሪያኩ ግን በጉምሩክ ወረቀት ላይ ያገኘሁት ሲሚንቶ አንድ የዶሮ ቤት አይሠራም። ይህ እውነት ይሆን? በመንደራችን በቤል ሮሽ ቤት የሚሠራ አለ ወይ? ሲሚንቶውንስ ከየት ያመጣል? የማንንም ስም አልጽፍም፤ የምፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው።

እማዬ በሕልምዎ መጥታ ራበኝ ማለቷን ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ካለች የመቃብር ድንጋዩን ማቆሚያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። እኔም ባዶ አፈር ለብሳ መተኛቷን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በቆሎው ተሰብስቦ ፍየሎቹ በሚለቀቁበት ወራት የድንጋዩን ድግስ እናድርገው። አጎቴም ከእንግሊዝ ይደርሳል። በዚህ ዓለም ላይ እማዬ ከእኔ የምትጠብቀው የቀራት ነገር ይህ ድግስ ብቻ ነው፤ ሳላደርግላት ብቀር ራሴን ይቅር አልልም።

የእህትዎ ልጅ ሊስትራ

ቤል ሮሽ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2016

ለልጄ ለሊስትራ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርሽብኝ ደህና ነኝ። ዘይቱ አላለቀም፤ ሽታው ፍየሎቹን ስለሚያሸሻቸው ቆጥቤ ነው የምቀባው።

መንግሥት ፍየሎቼ የሚግጡትን ሣር ሊመዝን ነው ብዬ ለኤዝራ ግንበኛው ብነግረው ከሳቁ ብዛት መዶሻውን ጣለ። «ታንቲ፣ በወዲያ በኩል የሚያወጡትንስ ይመዝኑታል?» ይለኛል ባለጌው። እህቴ ዓሣ እየሸጠች ያስተማረችሽ ለዚህ ነው? ይሁን፤ ደመወዙ እስከገባ ድረስ ሣሩንም መዝኚው።

ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር የሰማሽው ወሬ እውነት ነው፤ መንደሩን ጥሎ ሄዷል፤ ከማን ጋር እንደሄደ ግን በወረቀት ላይ አልጽፍልሽም።

ወደ ሲሚንቶሽ ልምጣ። ቤት የሚሠራ የለም። ሰው የተሰነጠቀ ግድግዳውን ይለጥፋል፣ ጣራውን ይጠግናል፣ በቃ። ወጣቱ አገር ጥሎ ሄዷል፤ ለማን ብሎ ነው የሚሠራው? የጉምሩኩ ወረቀት ልክ ነው፤ እንዳለ ጻፊው።

ለእናትሽ ድንጋይ ኤዝራ የእንጨት ቅርጹን አዘጋጅቷል። ራስጌው ክብ ይሁን ብዬዋለሁ፤ ክላሪስ ሹል ነገር አትወድም ነበር። ባለፈው ሌሊት ደግሞ መጥታ ደጃፌ ላይ ተቀመጠች፤ ምንም አልተናገረችም። በማግሥቱ የበቆሎ ገንፎና አተር ሠርቼ፣ እንደ ወጉ ጨው ሳላስነካው፣ ሳህኗን ጓዳ አስቀመጥኩላት። ሩም አረቄውንም መሬት ላይ አፈሰስኩላት። ታገሺ፣ ልጅሽ ትመጣለች አልኳት።

አክስትሽ ዩፌሚያ

ሴንት ጆርጅስ፣ ኦገስት 19 ቀን 2016

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ስለ ጭነት መኪናዎቹና ስለ ቢጫው መቆፈሪያ ማሽን «እነዚህ ከየት መጡብን?» ብለው ከጻፉልኝ ቆይቷል። ያልመለስኩት ረስቼ አይደለም። መጀመሪያ ላይ አላውቅም ነበር፤ ካወቅሁ በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎት ጨነቀኝ።

እዚህ በዋናው ደሴት አዲስ ወደብ ሊሠራ ነው። አሸዋው ከቤል ሮሽ እንዲወሰድ ፈቃድ ተሰጥቷል። የፈቃዱን ወረቀት አየሁት። «የካሪያኩ ሕዝብ የሚጠቀመው አሸዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ የባሕሩ ዳር ክምችት አልተነካም፤ ትርፉን መውሰድ ይቻላል» ይላል። ከሥሩ ለማስረጃ የተያያዘው የእኔ ሰንጠረዥ ነው። ሥራው ሲያልቅ አለቃዬ እጄን ጨብጦኝ ነበር። ያን ቀን ኬክ ገዝቼ ለጓደኞቼ አብልቻለሁ።

አክስቴ፣ በእማዬ ቀብር ጊዜ ኮረብታው ላይ አዳዲስ ግድግዳ አይቼ ነበር። ያኔ ልቤ የት ነበርና ልብ ልለው? ግን አይቼ ነበር። የእርስዎ ቃልና የጉምሩኩ ወረቀት አንድ ሆኖ ሳገኘው ዓይኔን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ። ልቆጣዎት አልደፍርም፤ ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የነገሩኝ እውነት ነበር?

ደግሞም ማሽኑ የሚቆፍረው ከየትኛው በኩል ነው? ባሕሩ ዳር ካለው መቃብር ሥር እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሊስትራ

ቤል ሮሽ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2016

ለሊስትራ፣

ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። በቆሎው ወገቤ ደርሷል። ጥቁሯ ፍየል ገመዷን በጥሳ የጎረቤት አተር ውስጥ ገብታ አዋርዳኛለች። አጎትሽ ስለ ትኬቱ ጽፎልኛል፤ ለጃኑዋሪ መጨረሻ ቆርጧል። ኤዝራም ደህና ነው።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ልዘጋው ነበር። አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከትቼው ነበር። ግን አልሆነልኝም።

ዋሽቼሻለሁ። ኮረብታው ላይ ያየሽው ሁሉ ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ተጨምሯል። እንግሊዝ ያሉት ልጆች ገንዘብ ይልካሉ፣ ካፒቴን ኦስሞንድ ከትሪኒዳድ ሲሚንቶውን በጀልባው ያመጣል፣ ጉምሩክ ቤቱ ሲዘጋ ከወዲያኛው ዳርቻ ይራገፋል። አሸዋውን ከቤል ሮሽ እናወጣለን። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም፤ ለመንግሥት ሰው ደግሞ «አዎ፣ ሲሚንቶ አለ» የሚል ሰው በዚህች ደሴት ከአያቶቻችን ጀምሮ አልተወለደም። አንቺ ደግሞ የእህቴ ልጅ ብትሆኚም መንግሥት ነሽ። ያን ደብዳቤሽን ሳነብ ያየሁት አንቺን አልነበረም፤ ባለ ኮፍያውን የጉምሩክ ሰው ነበር። የእናትሽ ድንጋይ የሚሠራበት ሲሚንቶም ያኔ አልጋዬ ሥር ነበር። ጎረቤቶቼን ያዳንኩ መስሎኝ ነው። ሲሚንቶ የለም ስላቸው እነሱ የሰሙት አሸዋ ሞልቷል የሚለውን እንደሆነ ማን ነገረኝ?

ማሽኑ ከመቃብሩ ሥር ነው የሚቆፍረው። ቀን የቆፈረውን ጉድጓድ ማታ ባሕሩ ከላይ አሸዋ እየሳበ ይሞላዋል፤ ከላይ ሲሳብ ደግሞ አፋፉ ይናዳል። የባሕር ወይን ዛፎቹ ሁለቱ ወድቀዋል። እናትሽ ከመቃብሮቹ ታችኛው ረድፍ ነች፤ ታውቂዋለሽ።

ሹፌሩን ሄጄ ሰደብኩት። «እማማ፣ ፈቃድ አለኝ» አለኝ። ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አክስትሽ

ሴንት ጆርጅስ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2016

ለማከብርዎት አክስቴ፣

«ተቀይመሽኛል ወይ?» ብለው በልጅ እጅ የላኩት ወረቀት ዛሬ ደረሰኝ። አልተቀየምኩም ብል እኔም መዋሸቴ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ተቀይሜ ዋልኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወጣልኝ። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን እንደኖሩት ነው የመለሱልኝ። ወረቀቱ የት ሊደርስ እንደሚችል ላስረዳዎት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ቁጥሩ ይታረማል ወይ ላሉኝ፣ ይታረማል። ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። «የአክስትሽ ወሬ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ልክ ነው። ቤት የሠሩት ሰዎች ምን ያህል ሲሚንቶ እንደተጠቀሙ በፊርማቸው ይስጡን፤ ካፒቴኑም ምን ያህል እንዳመጣ ይፈርም። ያኔ አሸዋችሁ ከወዲሁ እያለቀ እንደሆነ በቁጥር አሳይቼ ፈቃዱ እንዲሰረዝ ፈቃድ ሰጪዎቹ ደጅ እቆማለሁ። ጉምሩክ ዝም ይላቸዋል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ይህን ሳይደብቁ ይንገሯቸው።

ለእማዬ ድግስ እስከ ፌብሩዋሪ መጠበቁ ያስፈራኛል። ኤዝራ ድንጋዩን ያፍጥን፤ ድንጋዩ ከቆመ መሠረቱ አፈሩን ይይዝላት ይሆናል። እባክዎን አክስቴ፣ ወጉ ትንሽ ቢጎድል እማዬ አትቆጣም።

ሊስትራ

ቤል ሮሽ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2016

ለልጄ ለሊስትራ፣

እንደምነሽ? የላክሽው ሹራብ ልኬ ነው። በዚህ ሙቀት ለምን እንደላክሽው ግን አልገባኝም፤ እያሳመምኩሽ ነው መሰለኝ፤ አንቺም ማሰብ አቅቶሻል።

ፊርማዎቹን አገኘሽ? ስብሰባው እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ ብለሻል። ሰዉን ሩም መሸጫው ሰበሰብኩት፤ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ግማሹ አይመጣም ነበር። ገና ተናግሬ ሳልጨርስ የኤዝራ እህት ተነሣችብኝ። «ዋሽተሽ ያስቆፈርሽን አንቺ! አሁን ደግሞ እውነት ተናገሩ ልትይን?» «አዎ፣ እኔው ነኝ» አልኩ።

ካፒቴን ኦስሞንድ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ፣ «ዩፌሚያ፣ አባቴ የጉምሩክን ደጃፍ ሳያይ ኖሮ ሳያይ ሞተ። እኔን በእርጅናዬ አስፈርመሽ ልታሳስሪኝ ነው?» አለ።

«አባትህ የት ነው የተኛው?» አልኩት።

ኤዝራ ከበሩ ሆኖ፣ «ከላይኛው ረድፍ ነው፤ ከሚስቴ አጠገብ» አለ።

«እንግዲያው ታችኛው ካለቀ ተረኛው እሱ ነው» አልኩ።

ኦስሞንድ የቀረችውን ጨለጠና፣ «ብዕር አምጪ። ደግሞ ቀለሙ የማያልቅ ይሁን፤ ሲሚንቶው ብዙ ነው» አለ። ሰው ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ፈረመ፤ የኤዝራ እህትም ጭምር፣ እየረገመችኝ።

ጉምሩኮቹ መጥተዋል። የኦስሞንድን ጀልባ አሽገውበታል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፤ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ድግሱን ማስቀደም አልተቻለም። ድንጋዩ አልደረቀም፣ አጎትሽም ትኬቱን አይቀይሩልኝም አለ፤ ወንድሟ በሌለበት ድንጋይ አይቆምም። የመቃብሩን ነገር ጠይቀሻል። በዙሪያው የደረደርንላትን ዛጎሎች አንድ በአንድ አጥቤያቸዋለሁ፤ ነጭ ሆነዋል። አንቺ ስለዚህ አታስቢ። ለገናም አትምጪ፤ ባሕሩ ከፍቷል፤ ጀልባው ሰው እያሳመመ ነው። እዚያው ሁኚና ሰዎቹን አትልቀቂያቸው። አደራሽን ሊስትራ፣ አንድም ቀን አትልቀቂያቸው።

አክስትሽ

ሴንት ጆርጅስ፣ ጃኑዋሪ 20 ቀን 2017

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ታንቲ ዩፌሚያ፣

ተሰረዘ! ፈቃዱ ተሰርዟል። አዲሱን ሰንጠረዥ ፊታቸው ዘርግቼ፣ እናንተ ትርፍ ያላችሁት ሕዝቡ ቀድሞ የጨረሰው ነው አልኳቸው። አንዱ ሹም፣ «አንቺ ራስሽ ያቀረብሽውን ቁጥር አንቺ ራስሽ ታፈርሺዋለሽ?» አለኝ። «አዎ ጌታዬ፣ ስህተቱ የእኔ ስለሆነ ነው የማፈርሰው» አልኩት። ማን እንዲህ መናገር እንዳስተማረኝ እርስዎ ያውቁታል። ማሽኑ በወሩ መጨረሻ ተጭኖ ይመለሳል። ለመንደራችን ሰው ከዋናው ደሴት የተፈጨ ድንጋይ በርካሽ እንዲላክ ጥያቄ አቅርበናል፤ ቤት የጀመረ ሰው ሜዳ ላይ አይቀርም። የካፒቴኑን ጀልባ ነገር ግን ማንም ሊሰማኝ አልፈለገም፤ ሞክሬአለሁ፤ እንዳዘንኩ ይንገሩልኝ።

ለድግሱ ምን ላምጣ ብለው አይጨነቁ፤ ሩዙንና ሩሙን ከዚህ ይዤ እመጣለሁ፤ ነጭ ልብስም አሰፍቻለሁ። ከብዙ ወራት በኋላ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተኛሁ። አክስቴ፣ ደረስንላት እኮ! እርስዎና እኔ ባበላሸነው ነገር እማዬን ልናጣት ነበር፤ ደረስንላት።

የመቃብሩ ጫፍ አሁን ከአፋፉ ምን ያህል ይርቃል? ኤዝራ መሠረቱን ሲቆፍር እንዳይናድበት የድንጋይ ግንብ ካስፈለገ ወጪውን እኔ እችላለሁ።

ልጅዎ ሊስትራ

ቤል ሮሽ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2017

ለልጄ ለሊስትራ፣

ደብዳቤሽን ለኤዝራና ለኦስሞንድ አነበብኩላቸው። ኦስሞንድ ኮፍያውን አወለቀ። ማሽኑ ትናንት ተጭኖ ሄደ፤ የመንደሩ ሴቶች እስከ ባሕሩ ድረስ እየሰደቡ ሸኙት። የላይኛው ረድፍ ተርፏል። የኦስሞንድ አባት፣ የኤዝራ ሚስት፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። ያተረፍሻቸው አንቺ ነሽ፤ ሰዉም ይህንኑ ይላል።

ግንብ አያስፈልግም፣ ልጄ። የእናትሽ መቃብር የለም።

የሄደው ባለፈው ለአንቺ ከመጻፌ አስቀድሞ ነው። ከሰሜን ማዕበል መጣ፤ በየዓመቱ ይመጣል፤ ዘንድሮ ግን የሚያቆመው አሸዋ አላገኘም። ሲነጋ ወረድኩ። የታችኛው ረድፍ የነበረበት ቦታ ላይ ባሕር ነው ያገኘሁት። ዛጎሎቹን ከውኃው ዳር ለቅሜ ነው ያጠብኳቸው። ሌላ ምንም አላገኘንም። ያኔ ጀልባው ገና አልታሸገበትም ነበርና ኦስሞንድ ሲፈልግ ውሎ ባዶውን ተመለሰ፤ ዓይኔን ማየት አቅቶት በጓሮ በኩል ወደ ቤቱ ሄደ።

ለምን ደበቅሽኝ ትይኛለሽ። ብነግርሽ ብዕርሽን ጥለሽ ለቅሶ ትቀመጫለሽ ብዬ ፈራሁ። የእኛ አንዴ አልቋል፤ የሰዎቹን እንኳ እንድታተርፊ ብዬ ነው። «ደረስንላት» የምትለዋን ቃል ሳነብ ግን ወረቀቱን መያዝ አቃተኝ፤ ኤዝራ ነው ተቀብሎ የጨረሰልኝ። ሁለት ጊዜ ዋሸሁሽ፤ የመጀመሪያው እህቴን አሳጣኝ፣ ሁለተኛው አንቺን እንዳያሳጣኝ እፈራለሁ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፤ ዝም ግን አትበይኝ። በሕልሜ መምጣቷንም አቁማለች። ከሁሉ የሚብሰኝ እሱ ነው።

ድግሱን ላስቀረው ነበር፤ አጎትሽ ትናንት ገባና አይሆንም አለ። ድንጋዩ አልቋል። እንደ ወጉ ነጭ አንሶላ አልብሰን ሳሎን ውስጥ አልጋ ላይ አስተኝተነዋል፤ ሰው እየመጣ በእጁ ይነካዋል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። ኤዝራ ስሟን አሳምሮ ቀርጾታል። ከሥሩም ለሁሉም ሰው እንደሚጽፈው «እዚህ አርፋለች» ብሎ ጽፎበታል፤ የጻፈው ማዕበሉ ሳይመጣ ነው። ዛሬ ጠዋት አንሶላውን ገልጦ ብዙ ካየው በኋላ፣ «ታንቲ፣ ‹እዚህ› የሚለውን ልፋቀው ወይስ ይቆይ?» አለኝ።

ቅዳሜ በጀልባው ነይና አንቺ ንገሪው።

አክስትሽ ዩፌሚያ